አመድማ ሰማያዊ ግድግዳ፦ የሐዋሳን ሳሎን ከቀለም ምርጫ እስከ መጨረሻው እጅ

ማታ ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ጠልቃ፣ ብርቱካናማው ብርሃን ጠፍቶ፣ ጨለማው ገና ሳይመጣ ያለችውን አሥር ደቂቃ ማለቴ ነው። ከማዶ ያሉት ኮረብቶች በዚያች ሰዓት አንድ ቀለም ይለብሳሉ። ሰማያዊ እንዳይባል ወይንጠጅ አለበት። ወይንጠጅ እንዳይባል ሰማያዊው ያመዝናል። በላዩ ደግሞ ስስ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ያንን ቀለም ግድግዳ ላይ እንዴት እንደምናመጣው ልንገራችሁ።

ፈረንጆች ፔሪዊንክል ይሉታል። ስሙን ያገኘው ከአንዲት ትንሽ አበባ ነው። ፓንቶን የተባለው ኩባንያ በ2022 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቀለም ብሎ የመረጠው ቬሪ ፔሪም ከዚሁ ወገን ነው። እሱ ግን ደማቅ ነው። ለልብስ ያምራል፤ አራት ግድግዳ ሲሞላ ዓይን ያደክማል። ለቤት የሚሆነው ደብዘዝ ያለው ነው። ቀለም ቤት ገብታችሁ በፈረንጁ ስም ብትጠይቁ ብዙም አያግባባችሁም። "ላይት ፐርፕል ነው ስካይ ብሉ?" ትባላላችሁ። ሁለቱም አይደለም። እኔ አመድማ ሰማያዊ እለዋለሁ፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራው።

ቀለሙን በጣም ነው የምወደው። ለዚህም ነው እንዳትሳሳቱበት የምፈልገው። መጀመሪያ ሳሎናችንን ሳስቀባ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ከካታሎግ ላይ መረጥኩ። እዚያ ፀጥ ያለ፣ የሐይቁን ምሽት የሚመስል ነበር። ቤት መጥቶ ሲደርቅ ጠዋት ጠዋት ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በምዕራቡ መስኮት ስትገባ ወደ ሮዝ ሄደ። ማታ በነጭ አምፖል ደግሞ እንደ ክሊኒክ ቀዘቀዘ። ሁለት ሳምንት ታግሼ በላዩ ሌላ ቀለም አስቀባሁ። ሦስት ጋሎን ቀለምና የቀቢው የእጅ ዋጋ እንዲሁ ቀረ። ቀለሙ ጥፋት የለበትም። ሁለት ቀለም በአንድ ላይ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ያደላለት ወገን ነው ጎልቶ የሚወጣው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መስኮታችሁን ተመልከቱ።

መስኮቱ ወዴት ያያል?

ኢንተርኔት ላይ ያሉ የቀለም ምክሮች ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ብርሃን አለው፣ ደቡብ የሚያይ ሞቃት ይላሉ። ለአውሮፓ እውነት ነው። ለእኛ አይሠራም። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ትንሽ ወደ ሰሜን አጋድላ ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ። ሁሌም ከፍ ብላ ስለምታልፍ ለሰሜኑና ለደቡቡ መስኮት ያን ያህል አታዳላም። እኛ ቤት ዋናው ጥያቄ ምሥራቅ ነው ወይስ ምዕራብ የሚለው ነው።

ምሥራቅ የሚያይ ክፍል ጠዋት በቢጫ ብርሃን ይሞላል። ከሰዓት በኋላ ግን የሚቀረው ከሰማይ የሚመጣው ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ሰማያዊ ያደላል። እዚያ አመዱ የበዛበት ከመረጣችሁ ከሰዓት በኋላ ይከብድባችኋል። ወይንጠጁ ትንሽ ከፍ ያለውን ውሰዱ። ምዕራብ የሚያይ ክፍል ግልባጩ ነው። ከ9 ሰዓት ጀምሮ የሚገባው ብርቱካናማ ብርሃን ወይንጠጁን ወደ ሮዝ ይገፋዋል። እዚያ ሰማያዊው ያመዘነ፣ አመዱም በዛ ያለ ይሻላል። ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ ከደጅ ነው የሚቀረው። በካታሎጉ ላይ ከወደዳችሁት አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን ያዙ።

ቀለም ቤት

ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ውስጠኛ ግድግዳ የሚሆነው በውሃ የሚቀጥነው ፕላስቲክ ቀለም ነው። የማያብለጨልጨውን ጠይቁ። አመድማ ሰማያዊ ሲያብለጨልጭ ውበቱ ይሄዳል፤ የግድግዳው ጎርበጥባጣም አንድ በአንድ ይታያል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ በመጠኑ የሚያብለጨልጨውን ሳቲን መውሰድ ይቻላል፤ ሲታጠብ ይችላል።

ካታሎጉ ላይ አንድ ዘዴ ላሳያችሁ። ፈዛዛዎቹ ሁሉ ላይ ላዩን ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ። የወደዳችሁት ቀለም ያለበትን መስመር ተከትላችሁ ወደ ታች፣ ወደ ደማቁ ውረዱ። ታች ያለው ንጹሕ ወይንጠጅ ከሆነ፣ ላይ ያለው ፈዛዛም ግድግዳ ሲሞላ ወይንጠጅነቱ ይወጣል። ታች ያለው የዝናብ ደመና የሚመስል ከሆነ የምትፈልጉት እሱ ነው።

በማሽን የሚቀላቅል ቤት ካገኛችሁ በኮድ አስቀላቅሉ። በእጅ የሚቀላቅል ከሆነ ከነጭ ተነሡ። መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ከሰማያዊው ያነሰ ወይንጠጅ፣ በመጨረሻ ማደብዘዣ። ማደብዘዣው ላይ ብዙዎች ጥቁር ጠብ ያደርጋሉ። ጥቁር ያደበዝዛል፣ ግን ቀለሙን ይገድለዋል። እኔ የአፈር ቢጫ ጠብታ እመርጣለሁ። ቢጫ የዚህ ቀለም ተቃራኒ ስለሆነ ድምቀቱን ይቀንሰዋል፤ ግን ሙቀት ይተውለታል። ጠብታ ነው ያልኩት። አንድ ማንኪያ ከበዛ ወደ ጭቃ ይሄዳል፣ መመለሻም የለውም።

በእጅ የተቀላቀለ ቀለም ሁለተኛ ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይመጣም። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁን በአንድ ጊዜ አስቀላቅሉ። በማሽን ቢሆንም ቤት ስትደርሱ ጋሎኖቹን ሁሉ አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ አማስሏቸው። በጋሎንና በጋሎን መካከል ያለችው ትንሽ ልዩነት ግድግዳው መሃል ላይ ትታያለች።

ይህ ሁሉ ግን ከሙከራው በኋላ ነው። መጀመሪያ ትንሿን ጣሳ ብቻ ግዙ።

ሦስት ቀን ካርቶኑን አዙሩ

ሙከራውን ግድግዳው ላይ አትቀቡ። አሮጌው ቀለም ዙሪያውን ሆኖ ዓይናችሁን ያሳስታል። የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ካርቶን ውሰዱና 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ አውጡ። ነጭ አድርጉትና ሁለት እጅ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ እየደረባችሁ፣ ቀለም ቀቡት። ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ በመጠኑ ይጠቁራልና እርጥቡን አይታችሁ አትፍረዱ።

ከዚያ ካርቶኑን በየግድግዳው አዙሩት። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ አምፖል በርቶ እዩት። ከሶፋው አጠገብ አቁሙት። መሬት ላይ ከሴራሚኩ ጋር አስነኩት። መብራት ሲጠፋም በሻማ እዩት፤ ሻማ ላይ ግራጫ ይመስላል፣ ያ ደግሞ ደስ ይላል። ሦስት ቀን ይበቃል። ሁሉም ሰዓት ላይ እንዲያምር አትጠብቁ። ቤት የምትሆኑበት ሰዓት ላይ ካማረ ያዙት። እኛ ቤት ቀን ማንም የለም። ስለዚህ ያመንኩት የምሽቱንና የእሑድ ጠዋቱን ነው።

ስንት ሊትር?

ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ያህል አንድ እጅ ይቀባል። ወርዱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ80 የሆነ ሳሎን እንውሰድ። ዙሪያው 18 ሜትር ነው። በከፍታው ስታባዙት 50 ካሬ ይመጣል። ለበርና ለሁለት መስኮት 5 ካሬ ብትቀንሱ 45 ይቀራል። ሁለት እጅ ሲሆን 90፣ ማለትም 9 ሊትር። አንድ ሊትር ለመጠባበቂያ ጨምሩ። ጋሎኑ ላይ የተጻፈውን ሊትር አንብቡ፤ ጋሎን የተባለ ሁሉ እኩል አይይዝም።

ግድግዳው ደረቅ ነው?

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ሐዋሳ ውስጥ ቀለም የሚላጠው በቀለሙ ጥራት ማነስ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው እርጥበት ይዞ ስለሚቀባ ነው። ወደ ሐይቁ ዝቅ ባሉት ሰፈሮች እርጥበት ከመሠረቱ ወደ ላይ ይወጣል። ከዞኮሎው (ከግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀለሙ ያብጣል፣ ይፈረፈራል፣ ነጭ ዱቄት ይተፋል። ያ ዱቄት ከሲሚንቶውና ከአፈሩ በውሃ ተሟሙቶ የወጣ ጨው ነው።

ሁለተኛውን ጊዜ ያስቀባሁት አንድ አዛውንት ቀቢ ዘንድ ነው። እኔ ቶሎ እንዲጀምሩልኝ ቸኩያለሁ። እሳቸው ከኪሳቸው ንጹሕ ፌስታል አወጡ። በመቀስ ቀደዱና ዘረጉት። ከመስኮቱ ሥር ያለው ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር አሸጉት። "ነገ በዚህ ሰዓት እመጣለሁ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ዛሬ አንጀምርም?"

"ቆይ ልጄ፣ ግድግዳው ይናገር።"

በማግሥቱ ፌስታሉ ከውስጥ በኩል ላብ ላብ ብሎት ነበር። ሲገልጡት ጠብታዎቹ ተሰብስበው በእጃቸው ላይ ወረዱ። ውጭ ስንወጣ የጣሪያው አሸንዳ ቀዳዳ ኖሮት ውሃውን እዚያው ግድግዳ ሥር ነው የሚያፈሰው። መጀመሪያ አሸንዳው ተጠገነ። ግድግዳው ሦስት ሳምንት እንዲደርቅ ተተወ። ያ ጥግ እስከ ዛሬ አልተላጠም።

እናንተም ፌስታሉን ከመሬት አጠገብ፣ ከመስኮት ሥርና ከሻወር ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ላይ ሞክሩ። 24 ሰዓት ይቆይ። ላብ ካለው ቀለም አታባክኑ፤ የውሃውን መምጫ ፈልጉ። ነጭ ዱቄት ካለ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። በውሃ አትጠቡት፤ ጨዉ ተመልሶ ይገባል። አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ደግሞ ቢያንስ አራት ሳምንት ይጠብቅ። ትኩስ ሲሚንቶ ቀለምን ይበላል፣ ሰማያዊውም ቦታ ቦታውን ይለቃል። ከቻላችሁ ሥራውን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ አድርጉት።

ማስተካከል

አሮጌው ቀለም ይያዝ አይያዝ ለማወቅ ፕላስተር ጥብቅ አድርጋችሁ ለጥፉና በአንድ ጊዜ ንቀሉት። ቀለም ይዞ ከመጣ ያ ቦታ መፋቅ አለበት። መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ አሹት፤ ነጭ ከሆነ ኖራ ነው። ኖራ ላይ በቀጥታ የተቀባ ፕላስቲክ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ፍቃችሁ አውጡት፤ ከዚያ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን የመሠረት ቅብ) ቀቡ።

ስንጥቁን በስቱኮ ሙሉ። ሲደርቅ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በ180 አሹት። ማታ ላይ የስልካችሁን መብራት ከግድግዳው ጎን አስጠግታችሁ አብሩ። ቀን የማይታየው ጉብጠት ሁሉ ጥላ ጥሎ ይታያል። የማያብለጨልጭ ቀለም ጉድለት ይሸፍናል ቢባልም ከጎን የሚመጣ የምሽት ፀሐይን አይችለውም።

አሮጌው ቅብ የዘይት ቀለም ከሆነ ተጠንቀቁ። በድሮ የዘይት ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። አሁን በአገራችን የእርሳሱ መጠን ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚከለክል ደንብ አለ፤ ግድግዳችሁ ግን ከደንቡ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። በደረቁ አትሹት። እያረጠባችሁ፣ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ አሹት። ልጆችንና ነፍሰ ጡርን ከቤት አርቁ። አቧራውን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ አንሡት።

ጭቃ ቤት ከሆነ ስንጥቁን በሲሚንቶ አትሙሉት። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይስማማም፤ ቆይቶ በሙሉ ገጽታው ይወድቃል። ጭድ ባለው ጭቃ ሙሉት፤ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ስቱኮ።

መቀባት

ሶፋውን ወደ መሃል ሰብስቡና በላስቲክ ሸፍኑ። ዞኮሎውንና የበሩን ክፈፍ በወረቀት ፕላስተር ለብጡ። ኮርኒሱ የሚቀባ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ንጣት የሚጮኽ ነጭ አትቀቡት። ጥቂት ክሬም የገባበት ነጭ ከአመድማ ሰማያዊ ጋር ይስማማል። በሩንና ክፈፉንም እንደዚያው።

የመጀመሪያው እጅ ቀጠን ይበል። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ተከተሉ። ጠርዙን በብሩሽ፣ አራት ጣት ያህል ስፋት እያደረጋችሁ አስቀድማችሁ ቀቡ። እርጥብ እያለ በሮለር ግቡበት። አንድ ግድግዳ ጀምራችሁ መሃል ላይ ቡና ለመጠጣት አትነሡ። የደረቀው ጠርዝ ላይ እርጥቡ ሲደረብ መስመር ይሠራል፤ በዚህ ቀለም ላይ ደግሞ መስመሩ ወይንጠጅ ሆኖ ይወጣል። ሮለሩን አትጫኑት። ድምፁን ስሙ፦ ቀለም ሲያልቅበት የሚለጠፍ ድምፅ ያሰማል፣ ያኔ ንከሩት።

በሁለቱ እጆች መካከል አራት ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ ዝናብ ባለበት ቀን ከዚያም በላይ። ከመጀመሪያው እጅ በኋላ ግድግዳው ዝንጉርጉር ብሎ ታዩታላችሁ። አትደንግጡ፤ ሁለተኛው እጅ ያስተካክለዋል።

ለሐዋሳ ሰው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከ11 ሰዓት በኋላ አትቀቡ። አየር እንዲገባ መስኮት ከፍታችሁ፣ አምፖል አብርታችሁ ስትቀቡ የሐይቁ ትንኝ ብርሃኑን ተከትሎ ይገባል። እርጥቡ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጠዋት ስታዩት በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከተለጠፈ እርጥቡ ላይ አትንኩት፤ ክንፉ ይጎተትና ጭረት ይሆናል። ይድረቅ፤ በማግሥቱ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ጠዋት 1 ሰዓት ጀምራችሁ 9 ሰዓት ላይ መጨረስ ይሻላል።

አምፖሉ

ከቀለሙ እኩል የሚወስነው አምፖሉ ነው። ቀለሙን የሚያቀዘቅዘው 6500 ተብሎ የተጻፈበት ነጩ ኤልኢዲ ነው። የአምፖሉን ካርቶን ገልብጣችሁ 3000 ወይም 4000 የሚለውን ፈልጉ። 3000ው ሞቅ ያለ ቢጫ ነው፤ ወይንጠጁን አፍኖ ግራጫ ያወጣል። ሶፋ አጠገብ ላለ መብራት ያምራል። ለመሃሉ አምፖል 4000ው ይሻላል፤ ቀለሙ ቀን ከምታውቁት ብዙም አይርቅም። ካርቶኑን ስትሞክሩ የምትጠቀሙበት አምፖል ይኸው መሆን አለበት።

ቤቱን ማልበስ

እዚህ ደግሞ እኛ ዕድለኞች ነን። አመድማ ሰማያዊ የሚጠማው የሣር ቢጫ፣ የማር ቡኒና የሸክላ ቀለም ነው። እነዚህ ደግሞ ቤታችን ውስጥ ሞልተዋል። ያረጀ መሶብ አንድ ጊዜ ከዚህ ግድግዳ ፊት አስቀምጡ። ዓመታት ያደበዘዙት የስንደዶው ቢጫ ብርት ብሎ ይወጣል። ጥቁር ጀበና ከፊቱ ሲቀመጥ ቅርጹ እንደ ተሳለ ሆኖ ይታያል። አረንጓዴ ቄጠማ ከተጎዘጎዘበት የእሑድ ቡናችን ሳሎኑን እንደ አዲስ ያስወድደዋል።

የሲዳማ ደጋ የቀርከሃ አገር ነው። የቀርከሃ ወንበር ወይም መደርደሪያ ካገኛችሁ ቀለም ሳትቀቡት በተፈጥሮው ተዉት። እንጨት ከሆነ ዋንዛ በጣም ይስማማዋል። ጥቁር ቀይ የተቀባ ወይም መስተዋት የበዛበት ዕቃ ግን ከዚህ ግድግዳ ጋር ይጣላል።

መጋረጃውን ከግድግዳው ጋር አንድ ዓይነት ሰማያዊ አታድርጉ። ማመሳሰል ስትሞክሩ ሁልጊዜ ትንሽ ይሳሳትና አንዱ የቆሸሸ ይመስላል። ያልተነጣ የጥጥ ጨርቅ ቀለም ይበቃዋል። ቀይ ወይም ቡኒ ሴራሚክ ላላችሁ ሰዎች ምንጣፉ ላይ ክሬም ይግባ፤ ወለሉንና ግድግዳውን ያስታርቃቸዋል። አራቱንም ግድግዳ መቀባት ካስፈራችሁ ከበሩ ስትገቡ ፊት ለፊት የምታዩትን አንዱን ብቻ ቀብታችሁ ሌሎቹን ክሬም አድርጓቸው። እኔ ግን አራቱንም እላለሁ። ይህ ቀለም ሲከብባችሁ ነው ሐይቁ ዳር የተቀመጣችሁ የሚመስለው።

ቡና የሚፈላበት ጥግ የዕጣን ጭስ ቢጫ ያደርገዋል። ረከቦቱን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር አርቁት። እድፍ ከያዘ ለስላሳ ጨርቅ በሳሙና ውሃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ሳትፈትጉ አብሱ። አዲስ ቅብ ግን እስከ አራት ሳምንት ድረስ በውሃ አይነካ።

የተረፈውን ቀለም በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አፉ ድረስ ሞልታችሁ ክደኑ፤ ውስጡ አየር ከተረፈ ይደርቃል። ክዳኑ ላይ ኮዱን፣ የተቀባበትን ቀንና የክፍሉን ስም ጻፉ። ፀሐይ በማይነካው ቦታ ይቀመጥ። ሶፋው የፋቀው ቦታ ሲኖር በብሩሽ ሳይሆን በትንሽ ሮለር ንኩት፤ ብሩሽ የሄደበት ይታወቃል።